የጨካኝ ሰው ችሎታ ሲያስደንቀን እንዴት እናውራው?

ስለ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወሬ ሲነሳ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ «ጨካኝ ይሁን እንጂ ንግግር ያውቅበት ነበር» ይላል። ሌላው ፊቱ ይለዋወጣል፤ ወንድሙን ወይም አጎቱን ቀይ ሽብር በልቶበት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው «ሀገር ወዳድ ነበር እኮ!» ብሎ ነገሩን ያባብሰዋል። ከዚያ በኋላ መደማመጥ የለም። አዲስ አበባ የቤተሰብ ግብዣ ላይም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ ካፌ ውስጥ ያው ነው።

የማምነውን መጀመሪያ ልንገራችሁ። የጨካኝ ሰውን ችሎታ ማድነቅ ይቻላል፤ ነውርም አይደለም። ነውር የሚሆነው ችሎታው ምን እንደሆነ ሳንለይ፣ የማን እንደሆነ ሳናጣራ፣ ምን እንደተሠራበት ሳንናገር አፋችንን ሞልተን ስናወድስ ነው። ይህ ደግሞ የሚለመድ ነገር ነው። አካሄዱን በአንድ ጀርመናዊ ኬሚስት ላሳያችሁና ወደ ቤታችን እንመለሳለን። የውጭውን ታሪክ በፈረንጆች፣ የሀገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ሰው በደንብ እንወቅ

የዩሪያ ከረጢት ውስጥ ያሉትን ነጫጭ ፍሬዎች አስቧቸው። ከክብደታቸው 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ የመጣው ከአየር ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ሁለት ሁለት ሆኖ እጅግ ተጣብቆ ስለሚኖር ጤፉም ስንዴውም እንዲሁ ሊጠቀምበት አይችልም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውሮፓ ለማዳበሪያ የሚሆናትን ናይትሬት በመርከብ ከቺሊ በረሃ ነበር የምታስመጣው፤ እሱ ሲያልቅ ምን እንበላለን የሚለው ፍርሃት የሳይንቲስቶችን እንቅልፍ ይነሳ ነበር።

ቋጠሮውን የፈታው ፍሪትዝ ሀበር ነው። ናይትሮጅንንና ሃይድሮጅንን ከተለመደው የአየር ግፊት ወደ 200 እጥፍ በሚጠጋ ግፊትና ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ኦስሚየም በሚባል ብርቅ ብረት ላይ አሳለፋቸው። በ1909 ካርልስሩኸ ከተማ ባለው ላብራቶሪው፣ ቢኤኤስኤፍ የተባለው ኩባንያ ሰዎች ቆመው እያዩ፣ ፈሳሽ አሞኒያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። በ1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካ ተከፈተ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው ምግብ በዚህ ዘዴ የተመረተ ናይትሮጅን ጥገኛ እንደሆነ ይገመታል። ይህ እጅ በአፍ የሚያስጭን ሥራ ነው፤ ለማለትም አላፍርም።

ሀበር ግን እዚያ ላይ አላቆመም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ለጦሩ የመርዝ ጋዝ ሐሳብ ይዞ ቀረበ። ከ5,700 በላይ የክሎሪን ሲሊንደሮች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ከተማ አጠገብ ምሽግ ውስጥ እንዲቀበሩ አደረገ፤ ነፋሱ ወደ ጠላት እስኪዞር ድረስ ተጠበቀ። ኤፕሪል 22 ቀን 1915፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ ቧንቧዎቹ ተከፈቱ። አረንጓዴ ቢጫ ደመና መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ፈረንሳዮችና አልጄሪያውያን ወዳሉበት ምሽግ ገባ። ክሎሪን ሳንባ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል፤ ሳንባው ውሃ ይሞላና ሰውየው በየብስ ላይ ሰምጦ ይሞታል። ሀበር በቦታው ነበር። ለዚህ ሥራው የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው። በቀናት ውስጥ ሚስቱ ክላራ ኢመርቫር፣ እሷም በኬሚስትሪ ዶክትሬት ያላት ሴት፣ በእሱ ሽጉጥ ራሷን ገደለች። እሱ ወዲያው ለሌላ የጋዝ ጥቃት ወደ ምሥራቁ ግንባር ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ የ1918ቱን የኖቤል ሽልማት ለአሞኒያው ወሰደ።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1917 ጀርመኖች እዚያው ኢፕር ላይ ሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀሙ። የጀርመንን የኬሚካል ጦርነት ምርምር ይመራ የነበረው የሀበር ተቋም ነው። ከ18 ዓመት በኋላ ያንኑ ዓይነት ጋዝ የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ ዳርና ተምቤን ላይ አዘነቡት፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1936 ጄኔቫ ሄደው ለዓለም የተናገሩት ይህንኑ ነው። የጣሊያን ወንጀል የጣሊያን ነው፣ በሀበር አላሳብብም። ግን አስቡት፤ ቅድመ አያቱ በጋዝ ቆዳው የተላጠ ገበሬ ዛሬ ማሳው ላይ ዩሪያ ይበትናል። ሁለቱም ነገር ወደ ኋላ ሲጎተት ወደ አንድ ሰው ጠረጴዛ ይደርሳል። ስለዚህ ሰው ምን ብለን ነው የምናወራው?

ችሎታውን በሠራው ሥራ ጥሩት

«ጎበዝ ነበር»፣ «ብልህ ነበር»፣ «ታላቅ ሰው ነበር» ማለት ስለ ችሎታው የሚናገረው ነገር የለም። መላ ሰውየውን ነው የሚያለብሰው። ለአንድ ነገር የተሰጠው ምስጋና ሳይታወቅ ወደ ሌላው ሥራው ሁሉ ይፈስሳል። ስለዚህ ማድነቅ ስትፈልጉ ሰውየው በእጁ፣ በአእምሮው ወይም በአንደበቱ ምን እንዳደረገ ተናገሩ። ሀበር ሌሎች አይሆንም ያሉትን የጋዞች ሚዛን በከፍተኛ ግፊት ላይ አስልቶ በሙከራ አሳየ። መንግሥቱ አደባባይ የሞላ ሕዝብ በድምፁ ማስነሳትና ዝም ማሰኘት ይችል ነበር። በቃ፣ ይህን ያህል። ችሎታውን በልኩ ስትሰፉት ከሰውየው ጥፋት ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቀላል።

የሚጠሉትም ወገኖች እዚህ ላይ አንድ ልማድ አላቸው፤ ችሎታውን ጭራሽ ይክዳሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን አደጋ አለው። ገዳይ ሁሉ ደደብና አስቀያሚ ነው እያልን ልጆች ካሳደግን፣ ነገ አንደበቱ የጣፈጠ፣ አቋሙ ያማረ፣ ሥራ የሚያውቅ ገዳይ ሲመጣ በምን ያውቁታል?

የችሎታውን ባለቤት ፈልጉ

ለእኔ ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ለእኛ ታሪክም በጣም የሚያስፈልገው እሱ ነው ብዬ አስባለሁ። በመሪ ስም የሚጠራ ሥራ ብዙ ጊዜ የመሪው አይደለም።

የሀበርን እንኳ ብናይ፣ ያንን ግፊት የሚችለውን መሣሪያ አብሮት የሠራው ሮበርት ለ ሮሲኞል የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ወደ ፋብሪካ ያሻገረው ካርል ቦሽ ነው። ኦስሚየም ውድና ብርቅ ስለነበር በሺዎች የሚቆጠር ሙከራ አድርጎ በብረት የተካው አልቪን ሚታሽ ነው። ሀበር የራሱ ድርሻ አለው፣ ትልቅም ነው። ግን ድርሻ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። «መንግሥቱ መሃይምነትን አጠፋ» ሲባል ሰምታችኋል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ተጀመረ፤ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ዩኔስኮም ሸልሞታል። እውነት ነው፣ ትልቅ ሥራም ነው። ግን ማን ነው የሠራው? ፊደል ገበታ ተሸክመው ገጠር የወረዱት ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። ቀን እርሻ ውለው ማታ ፊደል የቆጠሩት አባቶችና እናቶች ናቸው። ከእነዚያ አስተማሪ ወጣቶች ውስጥ ከአንድና ሁለት ዓመት በፊት ጓደኞቹ መንገድ ላይ ተረሽነው ያየ አይጠፋም። ዘመቻውን ስታደንቁ በእነሱ ስም አድንቁት። መንግሥቱ ጋ የሚቀረው ዘመቻውን የማዘዝና ገንዘብ የመመደብ ውሳኔ ነው፤ እሱንም መካድ አያስፈልግም።

የካራማራም ነገር እንዲሁ ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ድሉን ለአንድ ሰው ጠቅልሎ መስጠት የተለመደ ነው። በአየር ላይ የተዋጉት ለገሠ ተፈራን የመሰሉ የኤፍ-5 አብራሪዎች ናቸው፤ እሱ እንዲያውም ተማርኮ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ማቅቋል። ታጠቅ ሰፈር ሠልጥኖ የዘመተው የገበሬው ሚሊሺያ ነው። ከ10,000 የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች ነበሩ፤ በውጊያው እቅድ ላይም ቫሲሊ ፔትሮቭ የተባለ የሶቪየት ጄኔራል እጅ ነበረበት። የዚያው ጦር ልጆች ከሆኑ ጄኔራሎች ውስጥ 12ቱን መንግሥቱ በግንቦት 1982 አስረሸናቸው። እንግዲህ የጦር አመራር ችሎታ ስታደንቁ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ አንሱና የተረፈውን ለእሱ ስጡት።

«ጣሊያን መንገድ ሠራልን» የሚለውም በዚሁ ይመዘናል። ሊማሊሞን ወይም የጣርማ በርን ዋሻ ያየ ሰው የመሐንዲሶቹን ሥራ ቢያደንቅ አልፈርድበትም። ገደሉን የፈለፈለው ጉልበት ግን የማን ነው፣ መንገዱስ ማንን ለማጓጓዝ ታሰበ? ጦር ለማመላለስ ነው የተሠራው። ሙሶሊኒን ለማመስገን ምክንያት አይሆንም።

ችሎታው ተጎጂ ያስፈልገው ነበር?

ሁሉም ችሎታ እኩል አይነጠልም። የሀበር አሞኒያ ማንንም ሳይገድል ሊኖር ይችል ነበር፤ ይኖራልም። የኢፕር ደመና ግን ያለ ሟች ትርጉም የለውም። ነፋስ ማስላቱ፣ ሲሊንደር መደርደሩ፣ ሁሉም ቅንብር ነው፣ ጥበብም አለበት፤ ግን ጥሬ ዕቃው የሰው ሳንባ ነው። የመጀመሪያውን አድንቁ። ሁለተኛውን አጥኑ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

መሀል ላይ የሚወድቁም አሉ። ቬርነር ፎን ብራውንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ባደረሰው ሳተርን 5 ሮኬት ነው። ከዚያ በፊት ለናዚዎች ቪ-2 የተባለውን ሚሳይል ሠርቷል፤ ሚሳይሉ የሚገጣጠመው ኖርድሃውዘን አጠገብ ተራራ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ፣ በሚተልባው-ዶራ ማጎሪያ እስረኞች ጉልበት ነበር። በሚሳይሉ ከተመቱት ይልቅ እሱን ሲሠሩ የሞቱት ይበዛሉ። እሱም ዋሻውን እየሄደ ያይ ነበር። የሮኬት እውቀቱ ያለ እነዚያ እስረኞች ሊኖር ይችል ነበር፣ ያኛው ሮኬት ግን በእነሱ ደም ነው የተመረተው። የሳተርን 5ን አነሳስ የሚያሳይ ሰው ዶራንም ማንሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለመለማመድ የሚሆን አንድ ነገር ልስጣችሁ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ላይ ያደረገውን ንግግር ፊልሙን ፈልጋችሁ እዩት። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩ። እጁን፣ ፊቱን፣ ቆም የሚልበትን ቦታ ተከታተሉ። ቀይ ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ይከሰክሰዋል፤ ፈሳሹ ይረጫል፤ ሕዝቡ ላይ የሚሆነውን እዩ። ከዚያ ድምፁን ከፍታችሁ ድገሙት። ምን እንዳደረገ ጻፉ፦ የድምፅ አወጣጡ፣ ድግግሞሹ፣ ጠርሙሱን የሰበረበት ጊዜ። እዚያው ወረቀት ላይ፣ ገጽ ሳትቀይሩ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታትና ወራት ምን እንደሆነ ጻፉ። የተረሸኑትን ወጣቶች፣ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉትን ቤተሰቦች። ይህ የንግግር ጥበብ ያለ ተጎጂ አይቆምም፤ የተዘጋጀው ለዚያ ነውና። እንዴት እንደሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ማጨብጨብ ግን አያስፈልግም። ሙዚቃ ከሥር ጨምሮ ቆራርጦ የሚለጥፈው ሰው ደግሞ ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው፤ ከ1983 በኋላ የተወለደ ልጅ ሰውየውን የሚያውቀው በዚያች አንድ ደቂቃ ሆኗል።

ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ

ማድነቁን ዛሬ፣ ጥፋቱን ሌላ ቀን ማድረግ አይሠራም። ሌላው ቀን አይመጣም። ስለዚህ ችሎታውንና የተሠራበትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የማስገባት ልምድ አዳብሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሀበር ከአየር ማዳበሪያ የሚወጣበትን መንገድ አገኘ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ክሎሪን ይዞ ኢፕር ምሽግ ገባ።» ወይም፦ «መንግሥቱ በንግግር ሕዝብ ማነሳሳት ይችልበት ነበር፤ በሚያዝያ 1969 በዚህ ችሎታው ከተማውን በገዛ ልጆቿ ላይ አነሳሳ።» ደረቅ ይመስላል። ይሁን። መምህራን ከሆናችሁ ይህን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ተማሪዎቻችሁ ራሳቸው እንዲሠሩ አድርጉ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ለመሙላት መጠየቅና ማንበብ አለባቸው።

እዚህ ላይ «በዘመኑ ሁሉም እንዲያ ነበር» የሚባል ማምለጫ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አያነሳም። ጀርመን መርዝን በጦር መሣሪያነት የሚከለክለውን የሄግ ስምምነት ከጦርነቱ በፊት ፈርማ ነበር። ሄርማን ስታውዲንገር የተባለ ኬሚስት፣ የሀገሩ ልጅና የሙያ ባልደረባው፣ የጋዙን ነገር በግልጽ ተቃውሞታል። አይሆንም ያለ ሰው በዚያው ዘመን ካለ፣ ዘመኑ ሰበብ አይሆንም።

ማን ፊት ነው የምታወሩት?

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያላያችሁ ሂዱ። በመስታወት ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንት አለ፤ ልብስ አለ፤ ግድግዳው ሙሉ የወጣቶች ፎቶ ነው፤ አብዛኞቹ የተማሪ ቤት ፎቶ የሚመስሉ። የእነዚያ ልጆች እናቶችና እህቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። አንዳንዶቹ ከእናንተ ጋር ቡና ይጠጣሉ።

እነሱ ፊት የገዳዩን አንደበት ማወደስ ትክክለኛም ብትሆኑ ደግ አይደለም። ይህን የምለው ስለ ሕግ ሳይሆን ስለ ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ ጥሩ ነገር ነው። እነሱ ራሳቸው ካነሱት ስሟቸው። «እስቲ ሚዛናዊ ሁኚ» አትበሏቸው። ልጇን ያጣች ሴት የመንግሥቱን የንግግር ችሎታ የመመስከር ዕዳ የለባትም። ፍርድ ቤትም በ1999 ዓ.ም. በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሎታል፤ እሷ የምታውቀውን በወረቀት አጸናላት።

ክፍል ውስጥ፣ በጥናት ጽሑፍ፣ በጓደኛሞች ክርክር ግን ዝም ማለት አያስፈልግም። እዚያ በነፃነት አውሩ፣ ከላይ ያልኳችሁን ይዛችሁ።

ሐውልትና ስያሜ ሲመጣ ግን ጠንቀቅ እላለሁ። በርሊን ውስጥ ትልቅ የምርምር ተቋም እስከ ዛሬ በፍሪትዝ ሀበር ስም ይጠራል። እኔ ብሆን ስሙን አነሳው ነበር፤ በር ላይ የተጻፈ ስም ኢፕርን አይናገርምና። አፊሌ የምትባል የጣሊያን ትንሽ ከተማ ደግሞ በ2012 ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠራች። የየካቲት 12ን እልቂት የምናውቅ ሰዎች በዚህ ላይ መከራከር አያስፈልገንም።

በምትወዱት ሰው ላይ ሞክሩት

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ በምትጠሉት ላይ ብቻ ከሠራችሁበት ግማሽ ሥራ ነው። ለአንዱ ጀግና የሆነ ለሌላው ገዳይ ነው፤ በእኛ ሀገር ይህ በየአውራጃው አለ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1521 ሽምብራ ኩሬ ላይ ቁጥሩ የሚበልጠውን የንጉሡን ጦር ሲያሸንፍ የታየው የጦር ስልት አንዱ ቤት በኩራት፣ ሌላው ቤት በተቃጠሉት ገዳማት ሐዘን ነው የሚተረከው። ሁለቱም ቤት እውነት ይዟል።

እኔ ቴዎድሮስን እወዳለሁ። ስለዚህ ልምምዱን በእሱ ላይ ነው የምሠራው፤ እናንተም የምትወዱትን ምረጡ። መጀመሪያ ችሎታውን በሥራው መጥራት፦ በተበታተነ ሀገር ላይ ጦር አሰባስቦ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አንበረከከ፣ መድፍ በሀገር ውስጥ እንዲሠራ አደረገ። ከዚያ ባለቤቱን መፈለግ። ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ ያቀለጡት እንደ ቫልድማየር ያሉ የውጭ ሰዎችና ስማቸው ያልተጻፈ የሀገሬው ሠራተኞች ናቸው፤ ያንን ብዙ ሺህ ኪሎ የሚመዝን ብረት በገደልና በሸለቆ እስከ መቅደላ የጎተቱትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ የተሠራበትን መጨመር፣ በዚያው አንቀጽ፦ በ1859 ጎንደርን አቃጠለ፣ አብያተ ክርስቲያናቷን ዘረፈ፣ የእስረኞችን እጅና እግር አስቆረጠ።

ይህን አንቀጽ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ለመንግሥቱ ስጽፍ ግን አይከብደኝም። እናንተም የከበዳችሁን ቦታ ምልክት አድርጉበትና ስለዚያ ቦታ ከጎንደር ወገን የተጻፈ ወይም የተነገረ ነገር ፈልጋችሁ አንብቡ።